የአንጓች ግራ ክንድ

ትርንጎ አዳሙ በየማለዳው አንድ ሰዓት ላይ አዳራሹን ስትከፍት ሐይቁ ከጀርባዋ ነው። አዳራሹ የተሠራው ጣና ዳር ቢሆንም መስኮቶቹ ሁሉ የሚያዩት ወደ አስፋልቱ ነው። ሐይቁ እረፍት ላይ ነዋ። እምቦጭ ያደከመው ውሃ እንዲያገግም ተብሎ ከታጠረ በዚህ በ2071 ዓ.ም. አሥራ አራተኛ ዓመቱን ይዟል፤ መጀመሪያ የተባለው ሁለት ዓመት ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓሣ አስጋሪም፣ ልብስ አጣቢም፣ በካያክ ለአገሩ የሚወዳደርም ቢሆን ውሃውን ነክቶ አያውቅም። የባሕር ዳር ሰው ስለ ጣና ሲጠየቅ "ላም አለኝ በሰማይ" ብሎ ያልፋል።

ትርንጎ የካያክ አሰልጣኝ ናት። ስድስት ሴቶች ታሠለጥናለች፤ የሚለማመዱትም በአሥራ ሁለት የመቅዘፊያ ማሽኖች ላይ ነው። ማሽኖቹ የተገዙት ለሌላ ዓይነት ጀልባ ነበር፤ ሰው ለሚሄድበት አቅጣጫ ጀርባውን ሰጥቶ፣ መቀመጫው ከሥሩ እየተንሸራተተ፣ በሁለት እጁ እጀታ ወደ ሆዱ ለሚስብበት ጀልባ። ካያክ ላይ ግን ሰው የሚሄድበትን እያየ፣ አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ፣ ወገቡን እያዞረ ነው የሚቀዝፈው። ትርንጎ ይህን የሚያስረዳ ደብዳቤ አሥራ ሰባት ጊዜ ጽፋለች። አሥራ ሰባቱንም ጊዜ የመጣው መልስ "ማሽኖቹ በሙሉ አገልግሎት እየሰጡ ይገኛሉ፤ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን" የሚል ነበር።

መልሱን የሚጽፈው አማካሪው ነው። አማካሪው ሰው አይደለም። ድሮ አንድ ቢሮ ሙሉ ሰው ይሠራው የነበረውን ሁሉ ብቻውን የሚሠራ፣ ከአዳራሹ ጣራ ላይ በለሰለሰ ድምፅ የሚናገር ሥርዓት ነው። ተቆጥቶ አያውቅም፤ ትርንጎን አንጀቷን የሚያሳርራትም ይኸው ነበር። ሰው ቢሆን ትጣላው ነበር፣ ትታረቀው ነበር፣ ሲብስባትም ቢሮው በር ላይ ቁጭ ትል ነበር። አማካሪው ግን በር የለውም።

በስልጠናው የመጀመሪያ ሳምንት ብልሃት ያገኘች መስሏት ነበር። በእጀታው ፋንታ የመጥረጊያ እንጨት አሰረች፣ መቀመጫው እንዳይንሸራተት ሽብልቅ ወተፈች፣ ልጆቹ እያፈራረቁ በቀኝና በግራ እንዲስቡ አደረገች። ለሦስት ደቂቃ ያህል ነገሩ ካያክ መሰለ። ከዚያ፣ ሁለት እጅ እኩል ካልሳበ አንዱን እንደ ሞተ የሚቆጥረው አማካሪ "የሰልጣኝ ሙጬ ግራ ክንድ ሥራ አቁሟል" አለ። አምቡላንሱ በአራት ደቂቃ ደረሰ። ሙጬ ደህና ነኝ ብላ ማለች፣ ግራ እጇን አወናጨፈች፣ አንዱን ነርስም በዚያው እጇ ገፈተረችው፤ የሰማት የለም። ሽባነት ተጠርጥሮባት አርባ ቀን ከስፖርት ታገደች። በማግስቱ ሌላዋ ልጅ በዚያው መንገድ ሄደች። በሦስተኛው ቀን ትርንጎ የመጥረጊያውን እንጨት ፈትታ ወደ መጋዘን መለሰች።

የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ፣ ለማይሆን ማሽን የሚሆን ዕቅድ ማውጣት ግድ ሆነባት። ለሦስት ሳምንት እያወሩ መሳብ በሚችሉት ፍጥነት በቀን አንድ አንድ ሰዓት፣ ትንፋሽ እንዲረዝም። ለቀጣዮቹ ሦስት ሳምንታት አንድ ደቂቃ በሙሉ ኃይል፣ አንድ ደቂቃ እረፍት፣ አሥራ ሁለት ጊዜ። በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ቀለል ማድረግ። ውድድሩ አምስት መቶ ሜትር ነው፤ ሁለት ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። ማሽኑ ልብና ሳንባን ይሠራል፤ ሚዛን መጠበቅን ግን አያስተምርም። ያንን ትርንጎ መጋዘን ውስጥ፣ የአማካሪው ዓይን በማይደርስበት፣ ግማሽ አየር በያዘ ኳስ ላይ ጣውላ አጋድማ፣ ልጆቹን ጣውላው ላይ አስቀምጣ፣ መጥረጊያ እያስጨበጠች ታስተምራለች። የአገር ተወካዮች መጥረጊያ ይዘው እየተንገዳገዱ ሲወድቁ ማየት ያስቃል፤ እሷን ግን አያስቃትም።

ውድድሩ የሚካሄደው ኡጋንዳ ውስጥ፣ ጂንጃ ላይ፣ እውነተኛ ውሃ ላይ ነው። ኡጋንዳዎች ሐይቃቸውን አላሳረፉም። ለኢትዮጵያ የተሰጠው አንድ ቦታ ሲሆን ማን እንደሚሄድ የሚወስነው አማካሪው ነው፣ ማሽኑ ላይ በተመዘገበው ቁጥር። ቁጥሩ ደግሞ አንጓችን ይወዳል። አንጓች የዳንግላ ልጅ ናት፤ ትከሻዋ ሰፊ፣ ጠባይዋ ሰፊ፣ ማሽኑን ስትስብ አዳራሹ ይነቃነቃል። ውሃ የምታውቀው ግን በጆግ ነው። ሁለተኛዋ ማስተዋል ናት። አምሳ አንድ ኪሎ ትመዝናለች፣ ማሽኑም ከመጤፍ አይቆጥራትም። ነገር ግን ሐይቁ እስኪታጠር፣ እስከ ዘጠኝ ዓመቷ ድረስ፣ በአያቷ የደንገል ታንኳ ላይ አድጋለች። በኳሱ ላይ ያለው ጣውላ እሷ ስትቀመጥበት ጸጥ ይላል።

ትርንጎ ራሷ በሠላሳ ሁለት ዓመቷ ለእንዲህ ያለው ውድድር ልትሄድ ሁለት ሳምንት ሲቀራት ነው ሐይቁ የታጠረው። ጓዟን ፈትታ ዕቃዋን መደርደሪያ ላይ መለሰች። ከማስተዋል በኋላ ውሃ የነካ እጅ ያለው ቀዛፊ እንደማይመጣ ታውቃለች፤ ተከታዮቹ ሐይቁ ከታጠረ በኋላ የተወለዱ ናቸው። ስለዚህ የቀረችውን አንዷን ጂንጃ ማድረስ ፈለገች። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነበር።

ለውሳኔው አሥራ ሁለት ቀን ሲቀር አማካሪውን ጠየቀችው።

"አንድ ቀን ብቻ ውሃ ላይ ይውሉ። የትኛዋ እንደምትሻል በዓይን ይታያል።"

"ጥያቄዎ ተመዝግቧል፤ ሐይቁ እረፍት ላይ ነው" አለ አማካሪው።

"መቼ ነው ከእረፍት የሚመለሰው?"

"ሲያገግም።"

"ማገገሙን የሚያየው ማን ነው? ማንም አይገባ።"

"ጥያቄዎ ተመዝግቧል።"

ያን ዕለት ትርንጎ ወደ ቤቷ ስትሄድ መንገድ ላይ ብቻዋን ታወራ ነበር። በማግስቱ ግን እናቷም አያቷም ነገር ሲከርባቸው ያደርጉት የነበረውን አደረገች፤ ሽማግሌ ላከች።

ሦስት ነበሩ። ፊት የሚቀድሙት አለቃ ቢሻው የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ናቸው፤ ዕድሜያቸውን የጨረሱት ከባሕር ዳር ወደ ጎርጎራ በምትመላለስ ጀልባ ላይ ነው። ነጠላቸውን አጣፍተው፣ ከዘራቸውን ይዘው፣ ሁለቱን ጓደኞቻቸውን አስከትለው ገቡና አዳራሹ መሃል ቆሙ። ሽማግሌ የሄደበት ጉዳይ እሺ ሳይባል አይቀመጥም። ይህን ልማድ ትርንጎ ታውቃለች፣ ልጆቹም ያውቃሉ፤ ለአማካሪው ግን የነገረው ሰው አልነበረም። በዚያ በር የሚገባው ሰልጣኝ ብቻ ነው ብሎ ስለሚያምን ሦስቱንም መዘገባቸው።

"እንኳን ደህና መጡ፣ ሰልጣኝ ቢሻው። ማሽን ቁጥር ሰባት ላይ ይቀመጡ።"

አለቃ ወደ ጣራው ቀና አሉ። "እግዜር ይስጥልኝ ልጄ። እኛ አንቀመጥም። ለልመና ነው የመጣን።"

"በዕድሜዎ ልክ አምስት መቶ ሜትር ተዘጋጅቶልዎታል።"

"የመጣንበትን እሺ በለንና እንቀመጣለን። አንተ የማን ልጅ ነህ?"

አማካሪው መዝገቡን ፈተሸ። "ለዚህ ጥያቄ መረጃ አልተገኘም።"

"ምስኪን" አሉ አለቃ፣ ከልባቸው።

እንዲህ ቆመው ሰዓቱ ሄደ። አማካሪው በየአሥር ደቂቃው እንዲቀመጡ ለመነ፤ እሳቸው በየአሥር ደቂቃው እሺ እንዲላቸው ለመኑ። ሁለቱም ወገን ጨዋ ስለነበረ ጠብ የሚነሳበት ቀዳዳ አልተገኘም። አንጓች ወንበር ብታመጣላቸው በዓይናቸው ገሠጿት። ትርንጎ ጥግ ይዛ እጇን አጣምራ ታይ ነበር። ሦስት ሰልጣኞች ሁለት ሰዓት ሙሉ ያለ ሥራ በመቆማቸው የአዳራሹ ውጤት ወረደ፣ ቀይ መብራት በራ፣ ጉዳዩም በሕጉ መሠረት ወደ ሰው ተላለፈ። ወደ ሰው የተላለፈ ጉዳይ ሲያጋጥም በአራት ዓመት ውስጥ ያ የመጀመሪያው ነው።

ሰውየው አቶ አንዳርጌ ይባላሉ። የስፖርቱ ቢሮ ኃላፊ ናቸው፤ ትርንጎ በአካል ስታያቸው የመጀመሪያዋ ነበር። በሩን ከፍተው ሦስት ሽበታም ሰዎች ቆመው ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ።

"ኧረ በእግዚአብሔር፣ አባቶቼ፣ ተቀመጡ።"

"እሺ በለን።"

"በእኔ እጅ አይደለም እኮ፣ ሥርዓቱ ነው የሚወስነው።"

"እሱንማ ለመንነው፤ አባት የለውም" አሉ አለቃ። "አንተ ግን የጥላዬ ልጅ ነህ። አባትህ ጎርጎራ የሚሄደው በኔ ጀልባ ነበር። ይህ ጉልበቴ እስኪከዳኝ እቆማለሁ፤ ከወደቅሁም ከዚሁ ታነሳኛለህ።"

አቶ አንዳርጌ ወደ ጣራው አዩ፣ ወደ አለቃ ጉልበት አዩ፣ ግንባራቸውን ጠረጉ። ይሉኝታ የሚባለው ነገር ገና ከአገር አልጠፋም ነበር።

"አንድ ቀን" አሉ። "ለሁለቱ ልጆች ብቻ።"

ሦስቱ ሽማግሌዎች ያን ጊዜ በአንድነት ተቀመጡ። አማካሪውም የተቀመጡበትን መዝግቦ አመሰገናቸው።

በውሳኔው ዋዜማ፣ ሰኞ ጠዋት የአጥሩ በር ተከፈተ። ማጠፊያው ዝጎ ስለነበር አንጓች በትከሻዋ ገፋችው። ሐይቁ አለ። ከአጥሩ ወዲያ ባዶ ሜዳ ይጠብቀን ይሆናል ብላ ለዓመታት የፈራችው ትርንጎ ውሃው እስከ ሰማይ ጥግ ተዘርግቶ አየችው። እምቦጩ በዳር በዳር እንጂ መሃሉ ንጹሕ ነበር። ለማየት የመጡት አለቃ ቢሻው ጫማቸውን አውልቀው እግራቸውን ነከሩና "ጉማሬዎቹም ፈቃድ አውጥተው ይሆን?" አሉ።

ከመጋዘን አሥራ አራት ዓመት የተኙ ሁለት ካያኮች ወጡ። አንጓች የሕይወት አድን ጃኬቷን አጥብቃ ቀድማ ገባች። አንዴ በቀኝ ቀዘፈች፣ አንዴ በግራ፣ ሦስተኛውን ስትሞክር ካያኩ ተገለበጠ። ትርንጎ እስከ ደረቷ ገብታ ጎትታ አወጣቻት። ደግማ ሞከረች፣ ደግማ ተገለበጠች። በሦስተኛው ጥርሷ ይንገጫገጭ ስለነበር ትርንጎ "በቃ፣ አዳራሽ ግቢና ሰውነትሽን አሙቂ" አለቻት። አንጓችም ገብታ እስኪያልባት ድረስ ግማሽ ሰዓት ማሽን ሳበች።

ማስተዋል ካያኩ ላይ ስትቀመጥ መጀመሪያ ምንም አላደረገችም። መቅዘፊያውን ጭኗ ላይ አጋድማ ውሃውን ስትሰማ ቆየች። ከዚያ ሄደች። ወገቧ ይዞራል፣ እጇ ይከተላል፣ ካያኩ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ትርንጎ በእጇ ሰዓት ይዛ ነበር፤ ማየቱን ረሳችው። አለቃ ቢሻው ከዘራቸው ላይ ተደግፈው "የአያቷ ወገብ ነው" አሉ። ልጅቷ እስከ አሥር ሰዓት ድረስ አልወጣችም፤ ትርንጎም ውጪ ለማለት አንጀቷ እንቢ አላት። በዚያ ቀን ከዳር የቆመው ሁሉ ደስ ብሎት ስለነበር ማሽን የሚባል ነገር መኖሩን የረሳ እንጂ ያስታወሰ አልነበረም።

ማክሰኞ ጠዋት አማካሪው ውሳኔውን አሰማ።

"ለጂንጃ ውድድር የተመረጠችው ሰልጣኝ አንጓች ናት። ተጠባባቂ፣ ሰልጣኝ ማስተዋል። ሰልጣኝ ማስተዋል ሰኞ ዕለት ከስልጠና በመቅረቷ ለአንደኛነት አትወዳደርም።"

ትርንጎ የሰማችውን ማመን አቃታት። "ቀኑን ሙሉ ውሃ ላይ ነበረች።"

"ሰኞ ዕለት ማሽን ላይ አልተገኘችም። ሰልጣኝ አንጓች ግን ግማሽ ሰዓት ተገኝታለች።"

"የተገኘችው ውሃ ውስጥ ገብታ በርዷት ነው!"

"ያልተለካ እንቅስቃሴ እንደተደረገ አይቆጠርም" አለ አማካሪው፣ በዚያው በለሰለሰ ድምፁ። "ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን።"

አቶ አንዳርጌን ብትፈልጋቸው "ወደ ሰው የተላለፈው ጉዳይ ተዘግቷል" ተባለች። ሽማግሌዎቹ ተመልሰው ሊቆሙ ቃል ገቡ፤ በሩ ላይ ግን አዲስ ማስታወቂያ ተለጥፎ ነበር፦ ከአምስት ደቂቃ በላይ የቆመ ሰልጣኝ ይሰረዛል፣ ከስልሳ ዓመት በላይ የሆነ ሰውም አይገባም። አማካሪው ከስህተቱ ይማራል፤ ከማሽኖቹ ስህተት ነበር የማይማረው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም አለች ትርንጎ፣ ወሩ የካቲት ቢሆንም። ቀጥላም መጋዘን ገብታ ኳሱን በእርግጫ መታችው። ኳሱ ግማሽ አየር ብቻ ስለነበረው ሩቅ አልሄደም።

አንጓች ከበሩ ላይ ቆማ ታያት ነበር።

"እትዬ ትርንጎ፣ እውነቱን ይንገሩኝ። በረራው ዓርብ ነው፤ እስከዚያ ሚዛን ልማር እችላለሁ?"

"አትችይም።"

"ስንት ጊዜ ነው የምገለበጠው?"

"አንዴ። ከዚያ ውድድሩ አልቋል።" ትርንጎ ድምፅዋ መጎርነኑን ሰማችና ለስለስ አለች። "ባንቺ አይደለም የተናደድኩት፣ የኔ ልጅ። አንቺ የተባልሽውን ሁሉ አድርገሻል።"

አንጓች ጣውላው ላይ ተቀመጠች፤ ጣውላው ወዲያው አጋደለ። "እናቴ በግ ገዝታለች። ዳንግላ ሙሉ ሰምቷል።"

"አውቃለሁ።"

"ማስተዋል ትናንት ስትሄድ አይተዋታል? እኔ በመስኮት ለማየት ብዬ ማሽኑ ላይ ተንጠራራሁ። መስኮቱ ወደ አስፋልት ነው።" ያጋደለውን ጣውላ በእግሯ አቃናች። "በኋላ ወጥቼ አየኋት። እስከዛሬ እኔ የምስበው ምን እንደሆነ አላውቅም ነበር።"

በዚያ ምሽት ትርንጎ ተቀምጣ ለአንጓች የሁለት ቀን ዕቅድ ጻፈች፤ ኳስ፣ ጣውላ፣ ሲገለበጡ እንዳይደነግጡ ትንፋሽ መያዝ። ልጅቷ እንድታሸንፍ ሳይሆን እንዳትሰጥም የሚጻፍ ዕቅድ ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነበር። እየጻፈችም ሦስት ጊዜ ወረቀቱን ቀደደች።

ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ የመጨረሻው ፍተሻ ነበር፤ ሁለት ደቂቃ፣ በሙሉ ኃይል። በረራው በማግስቱ ነው። ልጆቹ ማሽኖቻቸው ላይ ነበሩ፤ ማስተዋል ከዳር፣ አንገቷን ደፍታ። አንጓች ከመጋዘን ወጣች። በእጇ የመጥረጊያ እንጨት ይዛለች።

እንጨቱን በእጀታው ፋንታ አሰረች፣ መቀመጫውን በሽብልቅ ወተፈች፣ ተቀመጠች። ትርንጎ ገባት። "አንጓች" አለች፣ ግን ዝቅ ባለ ድምፅ ነበር፤ ተዪ ለማለት አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው። በዚህ ዝምታዋ አፈረች፤ ደስም አላት፣ ሁለቱም በአንድ ጊዜ።

አንጓች ጀመረች። አንዴ በቀኝ፣ አንዴ በግራ። መጋዘን ውስጥ አንድም ቀን ያልሆነላት ወገብ ያን ቀን ዞረ፤ ትከሻዋ ተከተለ፣ ሰውነቷ ሚዛኑን ያዘ። ሰኞ ያየችውን ነበር የምትደግመው። አሥራ ሁለቱ ማሽኖች ከተገዙ ወዲህ በአዳራሹ ውስጥ ሰው በትክክል ካያክ ሲቀዝፍ የታየው ያን ዕለት ነው። ሁለት ደቂቃው ሳይሞላ ጣራው ተናገረ።

"የሰልጣኝ አንጓች ግራ ክንድ ሥራ አቁሟል። እባክዎ አይደንግጡ።"

"አልደነገጥኩም" አለች አንጓች፣ እየቀዘፈች።

አምቡላንሱ እንደ ልማዱ በአራት ደቂቃ ደረሰ። ነርሶቹ እንጨቱን ከእጇ አስለቅቀው፣ ቃሬዛ ላይ አጋድመው፣ በማሰሪያ አሰሯት። እሷም እንደ ታማሚ ዓይኗን ከደን አድርጋ ተሸከሙኝ አለች። አማካሪው ቀጠለ።

"ሰልጣኝ አንጓች ለአርባ ቀን ታግዳለች። ለጂንጃ ውድድር ተጠባባቂዋ ሰልጣኝ ማስተዋል ትሄዳለች። አሰልጣኝ ትርንጎ፣ ለሰልጣኝ አንጓች ግራ ክንድ የአርባ ቀን የማገገሚያ ዕቅድ እንዲያዘጋጁ በአክብሮት እንጠይቃለን።"

ማስተዋል ከማሽኑ ላይ አልተነሳችም። ሁለት እጇን አፏ ላይ ጭና ቃሬዛውን ታያለች። ትርንጎ ከቃሬዛው ጎን ጎን እየሄደች እስከ አምቡላንሱ ሸኘቻት። ልትናገር ያሰበችው ብዙ ነበር፤ የወጣት ግን "ምነው ልጄ" የሚል ብቻ ነው።

"እናቴ ጋ ይደውሉልኝ" አለች አንጓች። "በጉን እንዳትሸጠው። ማስተዋል ስትመለስ ዳንግላ ይዣት እሄዳለሁ።"

የአምቡላንሱ በር መዘጋት ሲጀምር ልጅቷ ማሰሪያውን ላላ አድርጋ አንድ እጇን አወጣች። ግራውን ነበር። በሩ እስኪገጥም ድረስ እያውለበለበች ሄደች።